ባለጎማው ቃሬዛ ቢቸና እስኪገባ

ሀብትነሽ ሳትታመም በሽተኛ ለመሆን ስትስማማ የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዝም እንድትል። ይህን የሰማ የወይራ አፋፍ ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ሀብትነሽ ዝም ካለችማ ያኔ የእውነት ታማለች ማለት ነው» አለ አቶ ከፋለ፣ የመንደሩ የቃሬዛ እድር ሰብሳቢ።

«ጋሼ ከፋለ፣ እርስዎ ደግሞ መግፋቱን ብቻ ይግፉ» አለችው ልጅቱ። «አፌን ለኔ ይተዉልኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ሦስት ተመራማሪዎች መጥተዋል። አንደኛዋ ኢንጂነር ብሩክታይት የሞጣ ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሱሪዋ ከላይ እስከ ታች ኪስ፣ በየኪሱ ደግሞ ብሎን። ስትራመድ እንደ በቅሎ ቃጭል ከሩቅ ትሰማለች። ሁለተኛው ዶክተር ዘመነ ሐኪም ነው። በጣም የረጋ ሰው ስለሆነ አንድ ነገር ጠይቀውት፣ ውሃ ቀድተው ተመልሰው መልሱን መስማት ይቻላል። ሦስተኛው ዶክተር ስጦታው የመርጡለ ማርያም ሰው ሲሆን ዶክተርነቱ የአፈርና የውሃ፣ የቦረቦርና የዛፍ ነው። ሰው ሲያናግር እንኳ ዓይኑ መሬት ላይ ነው። የመንደሩ ባልቴት እትዬ ጥሩአየሁ ዶክተር ሲባል ሰምታ ጉልበቷን ገልጣ ባሳየችው ጊዜ፣

«እናቴ፣ እኔ እኮ የአፈር ዶክተር ነኝ» አላት።

«ታዲያ ምን ቸገረህ ልጄ! የኔም ጉልበት ወደዚያው እየሄደ ነው፤ እይልኝ።»

ሦስቱ ተስማምተው የሠሩት ነገር ቢኖር ይህ ቃሬዛ ነው። ሌላውን ሁሉ ይጨቃጨቁበታል። ከቃሬዛው ሆድ ሥር አንድ የሞተር ሳይክል ጎማ አለ፤ ከፊትና ከኋላ እጀታ አለው፤ አንድ ሰው ይጎትታል፣ አንድ ሰው ይገፋል፣ በቃ። ብሩክታይት ጎማውን ገጠመች። ዘመነ የተኛው ሰው እንዳይናጥ ፍራሹን፣ ማሰሪያውን፣ የራስጌውን ከፍታ ወሰነ። ስጦታው ደግሞ ከወይራ አፋፍ እስከ ቢቸና ያለውን ቁልቁለት ሁሉ በእግሩ ዞሮ፣ ክረምት ሲመጣ ጎርፍ የማይበላውን መንገድ መረጠ። የድሮዋ መንገድማ ግማሿ ቦረቦር ውስጥ ገብታለች።

የወይራ አፋፍ ሰው ዘላለሙን በሽተኛ የሚያወርደው በትከሻ ነው። አሁን ግን ጎረምሳው ሁሉ ሥራ ፍለጋ እየወጣ ትከሻ እየጠፋ ሄዷል። ስለዚህ ከዩኒቨርሲቲ የተላከው ነገር ግልጽ ነበር፦ ቃሬዛው በሁለት ሰው እየተገፋ ቢቸና ሆስፒታል በር ከደረሰ፣ እዚያ የሚጠብቁት ገምጋሚ አይተው ለመንደሩ ይተዉታል። ካልደረሰ ወደ መጋዘን ይመለሳል።

ሀብትነሽ መጋዘን የሚለውን ቃል ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ምክንያቱ እህቷ ይርጋነሽ ናት። ይርጋነሽ ወሯ ገብቷል። የጤና ኤክስቴንሽኗ ሆዷን ዳብሳ፣ ፊቷን ቅጭም አድርጋ፣ «የልጁ አቀማመጥ አላማረኝም፤ ቤት ውስጥ እንዳትሞክሪው» ብላታለች። ይርጋነሽ ግን ልጅ ሳለች አክስታቸው በትከሻ ስትወርድ ተሸካሚውን አዳልጦት፣ ከነቃሬዛዋ ቦረቦር ስትገባ አይታለች። አክስትየው ተርፋለች፤ ዛሬም አለች፤ ሰርግ ላይ ከእስክስታው መሃል የምትገባው እሷ ናት። የዚያን ቀን ጩኸቷ ግን ከይርጋነሽ ጆሮ አልወጣም።

«ትከሻ ላይ ከምወጣ እዚሁ መደቤ ላይ እወልዳለሁ» ብላ ምላለች።

«ይሄ እኮ ባለጎማ ነው እትዬ ይርጌ! መሬት ለመሬት ነው የሚሄደው።»

«ሳላይ አላምንም።»

«እንግዲያ ታያለሽ» አለች ሀብትነሽ። የይርጋነሽ ቤት ከመንገዱ አጋማሽ ላይ ነው። ሀብትነሽ ያሰበችው፣ ተኝታ በእህቷ አጥር በኩል እንደ እመቤት እየተንሸራሸረች ማለፍ፣ እያለፈችም ፈገግ ማለት ነበር። መናገር ተከለከለ እንጂ ፈገግታን ማን ይከለክላል?

*

ገምጋሚው ሌላ ቀን አይመቻቸውም ስለተባለ ሙከራው በገበያ ቀን ዋለ። ይህን ልብ ያለው ሰው አልነበረም።

ዶክተር ዘመነ ሀብትነሽን አስተኝቶ ትንሽ ሳጥን ደረቷ ላይ አሰረላት፤ የልብ ምቷንና የመንገዱን ንጠት የሚመዘግብ ነው።

«ከተናገርሽ ይበላሻል» አላት ቀስ ብሎ። «ከሳቅሽ ይበላሻል። ከተነሣሽማ ጨርሶ ይበላሻል።»

«በአፍንጫዬ መተንፈስ ይቻላል?»

ዶክተሩ አሰበበት። «ይቻላል።»

«እግዜር ይስጥልኝ።»

ብሩክታይት ጎማውን እየነካካች፣ «አደራ ጋሼ ከፋለ» አለች። «ሞጣ የደረሰብኝ እዚህ እንዳይደርስብኝ።»

«ምን ደረሰብሽ?»

«አንሥተው ተሸከሙት።»

«ምኑን?»

«ቃሬዛውን ነዋ! ከነጎማው። ዳገቱን ሳይቀር በትከሻ ወጡት።»

አቶ ከፋለ በሳቅ እንባው መጣ። «ሞጣዎች ጎማ አያውቁም እንዴ?»

«የኔው ወገኖች ናቸው፤ ይስቁ፣ ይስቁ» አለች ብሩክታይት እሷም እየሳቀች። «እናያለን።»

«እኛ እንደ ሞጣ ሰው አይደለንም እህቴ። ግፉ ካልሽን እንገፋለን።»

እውነትም ገፉ። አቶ ከፋለ ከኋላ፣ ጎረቤቱ ይታያል ከፊት ሆነው ቃሬዛው ከአፋፉ ሲወርድ ሀብትነሽ ሰማዩ ከላይዋ ሲፈስ ታያለች። ጎማው ድንጋይ ሲመታ እንኳ ንቅንቅ ይላል እንጂ አይደልቅም። እትዬ ጥሩአየሁና የመንደሩ ሴቶች ከኋላ እየተጨዋወቱ ይከተላሉ። ብሩክታይት ወደ ኋላዋ እየተራመደች ጎማ ጎማውን ታያለች። ስጦታው መሬት መሬቱን ያያል። ዘመነ ሰዓቱን ያያል። ሀብትነሽ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ይዛለች።

መንገዱ ከገበያ መንገድ ጋር የሚገናኝበት መታጠፊያ ላይ አንድ በግ የሚጎትት ሰው ብቅ አለ። ቃሬዛውን ሲያይ ቀጥ አለ። ባርኔጣውን አወለቀ።

«ማን ናት?»

«የኛ ልጅ ናት» አለ ይታያል። «ሙከራ ነው እንጂ አልታመመችም።»

ሰውየው ሦስቱን ተመራማሪዎች አያቸው፤ የዘመነን ነጭ ጋውን አየ፤ የሀብትነሽ ደረት ላይ የታሰረውን ሽቦ አየ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ገባኝ» አለ። «እንዳትሰማ ነው።»

«ኧረ አይደለም! በእውነት አልታመመችም!» አለች ብሩክታይት።

«ሐኪም ለቤተሰብ መቼ እውነቱን ነግሮ ያውቃል?» ብሎ በጉን ለኋለኛው መንገደኛ አስያዘና ወደ አቶ ከፋለ ዞረ። «አንተ ግን አታፍርም? የሰውን ልጅ እንደ እህል ጆንያ መሬት ለመሬት ትገፋለህ? ትከሻ አጥታችሁ ነው? ለምን አልጠራችሁንም?»

አቶ ከፋለ ፊቱ በርበሬ መሰለ። መልስ ለመስጠት አፉን ሲከፍት፣ ከኋላ ገበያተኛው ሁሉ ደረሰ። ጤፍ የጫነው አህያውን አቆመ፤ ዶሮ ያንጠለጠለችው ዶሮዋን አስቀመጠች። ይህ አገር እንዲህ ነው፤ ቃሬዛ ሲያልፍ ተቀምጦ የሚያይ፣ ወይም ሸክሙን ሳያወርድ የሚያልፍ ሰው የለም። ማን ናት፣ እግዜር ይማራት፣ አንተ ልቀቅ እኔ ልያዝ፣ አንተ ደክሞሃል። ሀብትነሽ «ኧረ» ለማለት ሳትደርስ ቃሬዛው ወደ ሰማይ ተነሣ።

ከነጎማው።

ከፊት የተሸከመው ይታያል ነው፤ ከኋላ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? አቶ ከፋለ።

«ጋሼ ከፋለ!» ብሩክታይት ጮኸች።

«ሰው ሁሉ እያየኝ እንዴት ልግፋ፣ እህቴ!»

«አውርዱት! ጎማ አለው እኮ!»

«ጎማውንም እንሸከመዋለን የኔ ልጅ፤ አትጨነቂ» አላት ባለበጉ እያባበላት። «ከባድ አይደለም።»

ጎማው አየር ላይ ለብቻው ይሽከረከራል። ብሩክታይት ብሎኖቿን እያንቋቋች ከጎን ትሮጣለች። ዘወር ብትል ዶክተር ስጦታው ትከሻውን ከቃሬዛው ሥር አስገብቶ፣ መነጽሩ ተጣሞ፣ ከሰው እኩል ይራመዳል።

«አንተም?!»

«ሳላውቀው ነው» አለ ስጦታው አፍሮ። «ትከሻዬ ቀድሞኝ ገባ።»

ሀብትነሽ ከዚያ በኋላ ዝም ማለቱን ተወችው። ሳጥኑም ይበላሽ፣ ሁሉም ይበላሽ። «አልታመምኩም!» ብላ ጮኸች። «አውርዱኝ፣ ጤነኛ ነኝ!»

«እኔን ልጄን! መቃዠት ጀመረች!» አለች አንዲት ሴትዮ፤ ሌሎቹም ከንፈራቸውን መጠጡ።

«አልቃዥም! ምን ሆናችኋል?»

«አይዞሽ የኔ እናት፤ ደረስን።»

በበቅሎ የሚመጡ፣ ቅስናም ያላቸው አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ይህን አይተው ወረዱና መስቀላቸውን አውጥተው ተጠጉ።

«የክርስትና ስምሽ ማነው ልጄ?»

«ወለተ ማርያም። ግን መሪጌታ፣ እኔ እኮ አልታመምኩም።»

«ስሟን አልረሳችም፤ ደህና ምልክት ነው» አሉ ለሰዉ፤ ቀጥለውም ዓይናቸውን ጨፍነው ጸሎታቸውን ጀመሩ። መሪጌታ በዝግታ የሚጸልዩ ሰው ናቸው፤ ቃሬዛው ሲሄድ እሳቸውም መስቀላቸውን ከፍ አድርገው ከጎን ይሄዳሉ።

ሀብትነሽ ተስፋ ቆርጣ ጋደም አለች። ያኔ ነው ነገሩ የተሰማት። ከታች ሲታይ ትከሻ ምንም አይደለም። ከላይ ሲሆኑ ግን አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ነው፤ አንዱ ሲረግጥ ሌላው ያነክሳል፤ ሰውነት ወደ ግራ ሲንሸራተት የሚይዙት ነገር የለም፤ መሬቱ ደግሞ አይታይም፤ ሰማይ ብቻ። ይርጌ ምን እንደምትፈራ ገባት። ስትስቅባት የከረመችው ሁሉ ትዝ አላትና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ይህን ያዩት ገበያተኛ ሴቶች፣ «ደከመች፣ ደከመች» ብለው ማልቀስ ጀመሩ።

ወሬ ደግሞ ከተሸካሚ ይፈጥናል። ከጎን ከጎን የሚሮጡ ልጆች ቀድመው ወርደዋል። «ሀብትነሽ ልትሞት ነው» የሚለው ይርጋነሽ አጥር ሲደርስ «ሀብትነሽ ሞተች» ሆኗል።

«ኸረረረ! ሀብቴዬ!»

ሀብትነሽ ያንን ድምፅ ከሺህ ሰው መሃል ትለየዋለች። ነጠላዋን ገልጣ ቀና ብትል፣ ይርጋነሽ ከታች፣ በዚያች ዳገት፣ ነጠላዋ ወድቆ፣ አንድ እጇን ሆዷ ሥር አድርጋ እየሮጠች ትመጣለች። እየሮጠች! ያ ሁሉ ሆድ ይዛ!

«አትሩጪ! እትዬ ይርጌ፣ አትሩጪ!»

ማን ይሰማታል? ሀብትነሽ ሽቦውን ከደረቷ በጠሰች። በይታያል ትከሻ፣ በስጦታው ራስ ላይ ተንሸራትታ ወረደችና እንደ ፍየል ቁልቁል ሮጠች።

መሪጌታ ጸሎታቸውን አቋርጠው ዓይናቸውን ገለጡ። ባዶውን ቃሬዛ አዩ፤ የምትሮጠውን ልጅ አዩ፤ በመጨረሻም እጃቸው ላይ ያለውን መስቀል አዩ፤ ከሁሉ ይልቅ የደነገጡት እሳቸው ነበሩ።

«ተነሣች!» አለች ሴትዮዋ፤ እልልታው አካባቢውን አናወጠው።

*

ይርጋነሽ እህቷን ስታገኛት መጀመሪያ በጥፊ መታቻት፣ ቀጥላ አቀፈቻት፣ ቀጥላ እንደገና ልትመታት ስትል ትንፋሽ አጣች።

«ሞተች ብለውኝ!»

«ማን አለ?»

«አገሩ ሁሉ!»

«አገሩ ሁሉ ውሸታም ነው። ይኸው አለሁ። ጥፊሽም አመመኝ።»

ይርጋነሽ ልትስቅ ስትል ወገቧን ያዘችና ሳሩ ላይ ቁጭ አለች። ሰው ሁሉ ከበበ። እልልታው ቆመ። ሀብትነሽ የእህቷን እጅ ያዘች፤ ፊቷ አመድ መሰለ። ያ ሁሉ ቀልድ ወዴት እንደሄደ እንጃ።

ዶክተር ዘመነ ተንበረከከ። ሆዷን በጥንቃቄ ዳሰሰ፣ ትንፋሿን አዳመጠ፤ በዕድሜው አንዴ መልሱን ሳያስጠብቅ ተናገረ።

«ምጥ አይደለም፤ ሩጫ ነው። ልጁም ደህና ነው። ግን በእግሯ አንድ እርምጃ አትሄድም። ዛሬውኑ ሆስፒታል ትግባ፤ የልጁን አቀማመጥ እዚያ በመሣሪያ ማየት አለብን።»

ይህን እንደሰሙ ወንዶቹ ቃሬዛውን አምጥተው ከጎኗ አስቀመጡ፤ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አመቻቹ። ባለበጉ ቀድሞ፣ «ነይ እህቴ፤ እንደ ላባ ነው የምናወጣሽ» አላት።

ይርጋነሽ ሁለት እጇን ሙሉ ሳር ጨበጠች። «ትከሻ ላይ አልወጣም!»

«እትዬ ይርጌ፣ ባለጎማ ነው አልኩሽ እኮ። መሬት ለመሬት...»

«አንቺ ልጅ፣ በዓይኔ አይቼሻለሁ! ከሰው ራስ በላይ ነበርሽ! ደግሞ ጎማውም አብሮሽ ነበር!»

ሀብትነሽ ዞራ ሰዉን አየች። እንባዋ ወረደ፤ እሷ ግን አልጠረገችውም፤ ቆጣ ብላ ጀመረች።

«አያችሁ? አያችሁ ያደረጋችሁትን? እህቴን ላሳያት ነበር የተኛሁት። መሬት ላይ ሲሄድ አይታ እንድትተኛበት ነበር። እናንተ ሰማይ ሰቀላችሁኝ! አሁን በምን ልውሰዳት? እባካችሁ አትሸከሟት። እባካችሁ ጋሼ፣ ዝም ብላችሁ ሂዱ።»

ባለበጉ ክፉ ቃል የተናገሩት ያህል ከፋው። «ዝም ብለን እንሂድ? ያየሁትን በሽተኛ እጄን አጣጥፌ አልፌ፣ ቤቴ ገብቼ ምን እበላለሁ? ለሚስቴስ ምን እላታለሁ? ሁለት ሰው ገፋት፣ እኔ በጌን ይዤ ሄድኩ ልበላት?»

ብዙ ራስ ተነቀነቀ። ኢንጂነር ብሩክታይት ከድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገጯን ይዛ ነበር። የሰውየውን ንግግር ስትሰማ ብድግ አለች፤ ብሎኖቿ ሁሉ አብረው ተንቋቁ።

«የኔ ጥፋት ነው» አለች።

«ምኑ?» አለ ስጦታው።

«ሞጣም የኔ ጥፋት ነበር። ሁለት እጀታ ነው የሠራሁት። ሌላው ሰው እጁን የት ያድርገው? እጁን የሚያሳርፍበት ሲያጣ ትከሻውን ያስገባል። አንተም ያስገባኸው ለዚህ ነው።» ወደ ሰዉ ዞረች። «ገመድ! ገመድ ያለው ሰው አለ?»

የበጉ ገመድ አጭር ነው። የአህያው ጭነት እንዳይፈታ ባለቤቱ ፈራ። በዚህ መሃል እትዬ ጥሩአየሁ ወገቧ ላይ እጇን ልካ፣ ሰፊውን መቀነቷን እየተሽከረከረች ፈታችው።

«እንቺ ልጄ። ቀሚሴን በእጄ እይዛለሁ።»

ከዚያማ ሴቱ ሁሉ መቀነቱን መፍታት ሆነ። ቢጫ ጥለት፣ ቀይ ጥለት፣ የታጠበ፣ ያልታጠበ። ብሩክታይት ጥርሷን እየተጠቀመች ከቃሬዛው ብረት ጋር ታስራለች። ስጦታው፣ «የሚቀጥለው ቁልቁለት አፈሩ ልል ነው፤ ከፊት ከሚጎትት ይልቅ ከኋላ የሚይዝ ይብዛ» ይላል። ዘመነ፣ «ቋጠሮው ጎኗን እንዳይነካት» ይላል። ሦስቱም አንድ ሥራ ላይ ሆነው ሳይጨቃጨቁ ሲገኙ የዚያን ቀን የመጀመሪያቸው ነበር፤ ምናልባት ጊዜ አጥተው ይሆናል።

አስረው ሲጨርሱ ቃሬዛው ከፊትም ከኋላም ጎፈር አበቀለ። ሀብትነሽ እህቷ ጆሮ ሥር ተንበረከከች።

«እትዬ ይርጌ። ላይ ሆኜ እኔም ፈርቻለሁ። እየሳቅሁብሽ ስለነበር ይቅር በይኝ። አሁን ግን እጅሽን ወደታች ዘርጊ፤ መሬቱን ካጣሽው ያን ጊዜ ጩኺ፤ እኔም አብሬሽ እጮሃለሁ።»

ይርጋነሽ ሳሩን ቀስ ብላ ለቀቀች።

ተኛች። ዓይኗን ጨፈነች። አቶ ከፋለ ከኋላ እጀታውን ያዘ፤ በዚህ ጊዜ ማንም እንደ ጆንያ አላለውም፤ ምክንያቱም ባለበጉ ራሱ ቀይ ጥለት ያለው መቀነት ጫፍ ይዞ፣ ደረቱን ነፍቶ ከፊት ቆሟል። ጎማው ዞረ። የይርጋነሽ እጅ ከቃሬዛው ጎን ተንጠልጥሎ የሳሩን ጫፍ ይነካካል። ሳር፣ ከዚያ ጠጠር፣ ከዚያ የእሾህ አበባ፣ ከዚያ እንደገና ሳር።

«አለ?» አለቻት ሀብትነሽ ከጎን እየሄደች።

«አለ።»

ትንሽ ሄዱ።

«አሁንስ?»

«አለ አልኩሽ፤ ተይኝ፤ እየተዝናናሁ ነው» አለች ይርጋነሽ፤ አንድ ዓይኗንም ገለጠች።

ቁልቁለቱ ላይ ከኋላ የያዙት ሁሉ ተረከዛቸውን ተክለው ወደ ኋላ ተለጠጡ፤ ቃሬዛው እንደ ጨዋ ሙሽራ ቀስ ብሎ ወረደ። መሪጌታ በበቅሏቸው ከፊት ሆነው፣ «ገለል በሉ፣ እናት ናት!» እያሉ መንገድ ያስከፍታሉ። አንዲት ሴት ዘፈን አወጣች፤ ሌሎቹ ተቀበሉ። የመጣ ሁሉ፣ «ማን ናት?» ይላል፤ የመቀነት ጫፍ ይሰጠዋል፤ ይዞ ይሄዳል። ጫፍ ያልደረሰው ጫፍ የያዘውን ሰው ክንድ ይይዛል። ትከሻውን ያስገባ ግን ማንም የለም። ዶክተር ስጦታው እንኳ አንድ ጫፍ አግኝቶ፣ እንደ ልማዱ መሬት መሬቱን እያየ፣ ከሰው ጋር ይዘፍናል፤ ድምፁ ለአፈር እንጂ ለጆሮ የተፈጠረ አይደለም።

*

ቢቸና ሆስፒታል በር ላይ ፕሮፌሰር ሀብተ ሥላሴ በጥቁር መነጽር፣ ክንዳቸውን አጣምረው ይጠብቃሉ። ቃሬዛ የሚገፉ ሁለት ሰዎች ነበር የጠበቁት። የመጣው ግን ግማሹ ገበያ ነው፤ በግ አለ፣ አህያ አለ፣ በቅሎ ላይ የተቀመጡ መሪጌታ አሉ፣ ቀሚሳቸውን በእጃቸው የያዙ ሴቶች አሉ፤ መሃል ላይ ደግሞ ነፍሰ ጡር ሴት እንደ ንግሥት ጋደም ብላ እጇን ታወዛውዛለች።

«በሽተኛዋ ልጃገረድ አልነበረችም እንዴ?» አሉ።

«እኔ ነበርኩ» አለች ሀብትነሽ። «ድኛለሁ።»

ፕሮፌሰሩ የሳጥኑን መዝገብ ከዘመነ ተቀብለው አዩ። መጀመሪያ ለስላሳ መስመር፤ ቀጥሎ የተራራ ሰንሰለት፤ ቀጥሎ ባዶ።

«ይህ ለስላሳው?»

«በጎማ ሲሄድ» አለ ዘመነ።

«ይህ ተራራውስ?»

«ትከሻ ላይ ሲወጣ።»

«እዚህ ጋስ ምን ሆነ? ተቋርጧል።»

ዘመነ ማሰብ ጀመረ። እሱ አስቦ እስኪጨርስ እትዬ ጥሩአየሁ መለሰችላቸው።

«እዚያ ጋማ ዘልላ ወርዳ ሮጠች።»

«ከምን ድና?»

«እሳቸውን ይጠይቋቸው» ብላ ወደ መሪጌታ አመለከተች። መሪጌታ በቅሏቸውን ማሰር ጀመሩ፤ የበቅሎዋ ቋጠሮ ያን ቀን ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው።

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁና ወደ ብሩክታይት ዞሩ። «ኢንጂነር፣ ሁለት ሰው ይበቃዋል ብለሽ ነው የጻፍሽው። ይህ ሁሉ ሰው ምንድን ነው?»

መጋዘን የሚለው ቃል ሀብትነሽ ጆሮ ውስጥ ጮኸ።

«ሁለት ሰው ይበቃዋል፤ የገፉት ሁለት ናቸው» አለች ብሩክታይት። «ሰው በሌለበት ቀን ሁለቱ ብቻቸውን ያደርሱታል። ሰው ባለበት ቀን ግን እዚህ አገር በሽተኛን በሁለት ሰው የሚሸኝ የለም። ይህን ሳላስብ ነበር የሠራሁት፤ ዛሬ አርመነዋል።»

ፕሮፌሰሩ በቃሬዛው ዙሪያ ዞሩ። አንዱን መቀነት ሳብ ሳብ አደረጉት። ቋጠሮውን አዩ። በመጨረሻ ወደ ይርጋነሽ ጎንበስ አሉ።

«እመቤቴ፣ እንዴት ነበር?»

«መቼ ነው የምትመልሱኝ?» አለች ይርጋነሽ። «አንዴ ደግሜ ልሂድበት።»

ፕሮፌሰሩ ሳቁ፤ ሲስቁ ደግሞ ሆዳቸው አብሮ የሚስቅ ሰው ናቸው። «ቃሬዛው ወይራ አፋፍ ይቅር» አሉ። «ለሞጣም አንድ ይሠራ። ከነገመዱ።»

እልልታው ሲነሣ የሆስፒታሉ ዘበኛ ምን መጣ ብሎ ከጎጆው ወጣ። አቶ ከፋለ በዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ ብሩክታይት አጠገብ ተጠግቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እህቴ፣ ያ የሞጣው ነገር...»

«የቱ?»

«ጎማ አያውቁም እንዴ ያልኩት። ለሞጣ ሰው እንዳትነግሪብኝ።»

«ዛሬ ማታውኑ ነው የምደውልላቸው» አለችው።

ይርጋነሽ በመሣሪያ ታየች። ልጁ እንደተፈራው ዞሮ ተቀምጧል። ሐኪሞቹ ግን፣ «ቀን አለው፤ ካልዞረም እኛ እዚሁ አለን፤ በሰላም እናዋልዳታለን» ብለው የእናቶች ማቆያ ውስጥ አልጋ ሰጧት። ሀብትነሽ ልትሰናበታት ስትመጣ ይርጋነሽ ጉንጯ ላይ፣ በጥፊው ቦታ ሳመቻት።

«ሁለተኛ በውሸት እንዳትታመሚ» አለቻት።

«አንቺም ሁለተኛ ሞተች ሲሉሽ መጀመሪያ ጠይቂ።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ የወይራ አፋፍ ሰው ባዶውን ቃሬዛ እየገፋ ዳገቱን ጀመረ። ሴቶቹ መቀነታቸውን መልሰው ታጥቀዋል፤ የእትዬ ጥሩአየሁ ብቻ ቋጠሮው አልፈታ ብሎ እዚያው ቀርቷል። እሷም፣ «ይቅር፤ የኔ ድርሻ ይሁን» ብላ ቀሚሷን በእጇ እንደያዘች ትራመዳለች። ትንሽ እንደሄዱ ሀብትነሽ እግሯን ማነከስ ጀመረች፤ ወገቧን ያዘች፤ ቃሬዛው ላይ ቀስ ብላ ጋደም አለች።

«ምን ሆንሽ?» አለ አቶ ከፋለ።

«ጋሼ ከፋለ፣ ታምሜያለሁ መሰለኝ። ስትገፉኝ መሬት ለመሬት ይሁን።»

አቶ ከፋለ ይታያልን ጠቀሰው። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ቃሬዛውን ወደ ጎን ዘንበል ሲያደርጉት ሀብትነሽ ሳሩ ላይ ተንከባለለች። እዚያው በጀርባዋ ተኝታ ሰማዩን እያየች ሳቀች፤ እስኪበቃት ሳቀች፤ ደረቷ ላይ የሚቆጣጠራት ሳጥን የለም። ከዚያ ተነሥታ፣ ቀሚሷን አራግፋ፣ የእትዬ ጥሩአየሁን መቀነት ጫፍ ያዘችና ከፊት ሆና ትጎትት ጀመር።